አልነሣ ያለው ኮምፒዩተር
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



ከደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት፣ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የተጓዘው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በዐፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ እንደ ተሠራ ታውቃላችሁ። ጋፋት ሲነሣ የምናወሳው መሥራትን ነው። እኔ ዛሬ የምናገረው ግን የተሠራውን ስለ መጠበቅ ነው።

በዚያው በደብረ ታቦር፣ በአንድ ትምህርት ቤት፣ 8088 በተባለው ፕሮሰሰር የሚሠሩ ሦስት አሮጌ የማስተማሪያ ኮምፒዩተሮች «አንጎላቸው ሞቷል» ተብለው ሊወገዱ ነበር። ሲበሩ ማራገቢያቸው ይዞራል፤ ድምፅ ግን አያሰሙም፤ ስክሪናቸውም ጨለማ ነው። እኔም ተቻኩዬ የአንደኛውን ፕሮሰሰር ሁለት ጊዜ ለወጥሁ። ምንም ለውጥ አልተገኘም። ሳልመረምር መፍረዴን የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው።

ሪሴት ማለት ኃይሉ እስኪረጋ ድረስ ፕሮሰሰሩ ሥራ እንዳይጀምር የሚያግድ ምልክት ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው የአይ.ቢ.ኤም. ፒሲና እርሱን በተከተሉት መሣሪያዎች ላይ፣ ፓወር ሰፕላዩ ቮልቱ መርጋቱን «ፓወር ጉድ» በተባለው ምልክት ያስታውቃል። 8284 የተባለው የሰዓት ምት አመንጪ ይህን ሲቀበል ሪሴቱን ይለቃል። 8088ም ከ1 ሜጋባይቱ የአድራሻ ክልል በመጨረሻዎቹ 16 ባይቶች መጀመሪያ ላይ ያለውን ትእዛዝ ያነባል። ሰንሰለቱ በአንድ ቦታ ከተቋረጠ ጤነኛው ፕሮሰሰር እንደ ሞተ ሆኖ ይታያል።

ስለዚህ ምርመራውን በቅደም ተከተል እንደገና ጀመርሁ። 5 እና 12 ቮልቱ ደኅና ነበሩ። በፕሮሰሰሩ 19ኛ እግር ላይ 4.77 ሜጋኸርዝ የሚሆነው የሰዓት ምት በኦሲሎስኮፕ ታየ። በ21ኛው እግር ላይ ግን፣ ለጥቂት ጊዜ ከፍ ብሎ ወደ ዜሮ መውረድ የነበረበት ሪሴት ከፍ እንዳለ ቀረ። ወደ ኋላ ተመልሼ የ8284ን 11ኛ እግር ብለካ፣ ከፍ ማለት ሲገባው ዝቅ ብሎ ነበር። የፓወር ጉዱ ሽቦ በፓወር ሰፕላዩ በኩል 5 ቮልት ያህል ሲያሳይ፣ ከማገናኛው ወዲህ በቦርዱ ላይ ምንም አልነበረም። በክረምት እርጥበት በመጋዘን የቆየው የማገናኛው ብረት ዝጎ ኖሯል! ሲጸዳ ኮምፒዩተሩ አንድ ጊዜ ጮኾ ተነሣ። ሁለተኛውም በዚሁ ዳነ። የሦስተኛው ግን ፓወር ሰፕላዩ ራሱ ምልክቱን አይልክም ነበርና እርሱን መጠገን አስፈለገ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ፓወር ጉዱን በቀጥታ ከ5 ቮልት ጋር አገናኝቶ ማለፍ ጠባቂን አስሮ በር እንደ መክፈት ነው፤ ብልሽቱን ይሸፍናል እንጂ አያድንም። ሁለተኛ፣ መልቲሜትር ተጣብቆ የቀረ ሪሴትን ያሳያል፤ ፈጥኖ የሚመላለሰውን ግን በደንብ የሚያሳየው ኦሲሎስኮፕ ነው።

እነዚያ ኮምፒዩተሮች ቢጣሉ ኖሮ፣ ተማሪው የማሽኑን አሠራር ደረጃ በደረጃ በገዛ እጁ እየለካ የሚማርበት መሣሪያ በአንድ የዛገ ማገናኛ ምክንያት ይጠፋ ነበር። እንግዲህ ንብረት እንዲወገድ ስንፈርም፣ «ሪሴቱ ተለክቷልን?» የሚል አንድ መስመር በቅጹ ላይ እንድንጨምር አደራ እላለሁ።