በደጋ ስለ መሮጥና ጤንነትን ስለ መጠበቅ



ከቈላ ወደ ደጋ የወጣ ተማሪ ከጓደኞቹ ጋራ ሲሮጥ ቢያለከልክና ወደ ኋላ ቢቀር፥ ብዙ ሰው ሰነፍ ነው ይለዋል። ይህ ፍርድ ግን ብዙ ጊዜ እውነት አይደለም።

ምክንያቱም እንዲህ ነው። በአየር ውስጥ ያለው ኦክሲጅን በቈላም በደጋም ከመቶ 21 እጅ ያህል ነው። ነገር ግን ወደ ላይ በወጣን መጠን አየሩ ይሳሳል፤ በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከመቶ 70 እጅ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ከመተማ ቈላ ወደ ደባርቅ የመጣ ልጅ በያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክሲጅን ያንሰዋል። ሰውነቱም ይህን ለማካካስ አስቀድሞ ትንፋሹንና የልቡን ምት ያፈጥናል፤ ከዚያም በሳምንታት ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከሙትን የደም ቀይ ሕዋሳት ያበዛል።

ሯጫችን ማሞ ወልዴ በ1961 ዓ.ም. 2,240 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በሜክሲኮ ከተማ የማራቶንን ሩጫ ባሸነፈ ጊዜ፥ ከዝቅተኛ አገር የመጡ ብዙ ብርቱ ሯጮች በአየሩ መሳሳት ተቸግረው ነበር። እነዚያን ሰነፎች ናቸው የሚል ማን ነው?

እንግዲህ መምህራን ሆይ፤ አዲስ የመጣውን ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት በእግር ጕዞና በቀላል ጨዋታ አለማምዱት፤ ሩጫውን ቀስ በቀስ ጨምሩለት። የደጋ አየር ደረቅ ስለ ኾነ ውሃ አዘውትሮ ይጠጣ። ደም ያለ ብረት ማዕድን አይሠራምና ምስርና ጐመን፥ ሲገኝም ሥጋ ይመገብ። ሻይና ቡና ብረቱ ወደ ደም በደንብ እንዳይገባ ስለሚያግዱ ከምግብ ጋራ አይጠጡ።

ሽማግሎች ሆይ፤ በብርድ ጊዜ በተዘጋ ቤት ከሰል አንድዶ መተኛትን ከልክሉ። ከከሰሉ የሚወጣው ሽታ የሌለው መርዝ በደም ውስጥ የኦክሲጅንን ስፍራ ይዞ ሰውን በእንቅልፉ ይገድላል።

እንደ ራስ ደጀን ወዳለ ከፍ ያለ ተራራ ሲወጣ ራሱን ያመመውና ያቅለሸለሸው ሰው መውጣቱን ያቁም፤ እስኪሻለውም ይረፍ። የሚንገዳገድ፥ ንግግሩ የተምታታ፥ ወይም ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ያጠረው ግን እስኪነጋ ሳይጠበቅ ሰው ደግፎት ወደ ታች ይውረድ፤ ወደ ሐኪምም ይወሰድ። በዚህ ጊዜ መዘግየት ነፍስን ያስጠፋል።

ስለዚህ ልጁን ሰነፍ ከማለታችን በፊት ከወዴት እንደ መጣና ስንት ቀን እንደ ኾነው እንጠይቅ።