ፍሬሽማን ዓመት ለማን ነው?

(በመናገሻ በተካሄደው የቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ ዕለት የቀረበ ንግግር)

አዘጋጆቹ ስለ ሕክምና ትምህርት እንድናገር ነበር የጠየቁኝ። እኔ ደግሞ ከሕክምና በፊት ስላለው ዓመት፣ ስለ ፍሬሽማን ልናገር ብዬ ለመንኳቸው፤ ፈቀዱልኝ። እዚህ ከተቀመጡት መምህራን አንዳንዶቹ «ሐኪም በጂኦግራፊና በሎጂክ ምን አገባት?» ሳይሉ አይቀሩም። የሚያገባኝ ነገር አለ።

ታሪኩን በአጭሩ ላንሳ። በዕድሜ ገፋ ያላችሁት ፍሬሽማንን ብቻ ሳይሆን የዩኒቨርሲቲ አገልግሎትንም ታስታውሳላችሁ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪው ዲግሪውን ከመያዙ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርዶ፣ በአብዛኛው እያስተማረ፣ እንዲያገለግል ይገደድ ነበር። እኛ በ1990 ዓ.ም. ስንገባ አገልግሎቱ ከቀረ ቆይቷል፤ ፍሬሽማን ግን ነበረ። ከእኛ ጥቂት ዓመታት በኋላ እሱም ቀረ። መሰናዶ የተባለው 11ኛና 12ኛ ክፍል ይተካዋል ተባለና ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የአራት ዓመቱ ዲግሪ ወደ ሦስት ወረደ። ከዚያ በ2012 ዓ.ም. ተመልሶ መጣ። አሁን አንደኛ ዓመት ተማሪ ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ፣ ጄነራል ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ አንትሮፖሎጂ፣ ኢንክሉሲቭነስ፣ ሥነ ምግባርና ዜግነት፣ ኢኮኖሚክስ፣ ኮሚዩኒኬቲቭ እንግሊዝኛ፣ ሌላም ሌላም ይማራል። የታሪኩ ኮርስ ያስነሳውን ክርክር እናንተም ታስታውሳላችሁ፤ ዛሬ እሱ ውስጥ አልገባም።

በእኔ በኩል ተመልሶ መምጣቱ አስደስቶኛል። ቅሬታዬ ሌላ ቦታ ነው። አንድ በሽተኛ ላንሳላችሁ።

ስሙን በማልጠራው ሆስፒታል፣ ከሱሉልታ በኩል የመጣ የ19 ዓመት ልጅ ነበረ። ዓይነት አንድ ስኳር ሕመም አለበት፤ ያለ ኢንሱሊን መኖር አይችልም። ተሽሎት ሊወጣ ሲል እናቱ ኢንተርኑን ጠየቀችው፦ «ዶክተር፣ ለሁለት ሳምንት ጠበል ልወስደው ስለት አለብኝ። መርፌውን እንዴት ላድርገው?» ኢንተርኑ «ወይ ጠበሉን ወይ መርፌውን ምረጡ» አላት። መረጠች። በዘጠነኛው ቀን ልጁ ራሱን ስቶ በሰው ትከሻ ተመለሰ።

ያው ኢንተርን ነበር የተቀበለው። ፈሳሹን፣ ኢንሱሊኑን፣ ፖታሲየሙን ሲሰጥ አንድም ነገር አላዛነፈም፤ ሌሊቱን ሙሉ ከአልጋው አጠገብ አልተነሣም። ልጁ በአራተኛው ቀን ነቃ። ይህን የምነግራችሁ ሰነፍ ሐኪም ነው ብላችሁ እንዳታስቡ ነው፤ ከጎበዞቹ አንዱ ነው።

ነገሩ ሲረጋጋ «ለምን ምረጡ አልካት?» ብዬ ጠየቅኩት። «እኔ የማውቀው ሳይንሱን ነው» አለኝ። «አንትሮፖሎጂ አልወሰድክም እንዴ?» ስለው «ወስጃለሁ፤ ኤ ነው ያገኘሁት» አለ። አፍሮም አልነበረም፤ ለጠየቅኩት ነው የመለሰው።

እናቲቱ እኮ የጠየቀችው ትክክለኛውን ጥያቄ ነበር። መልሱም ከባድ አልነበረም። ጠበሉ ቦታ ስንት ሰዓት ትበላላችሁ? እስከ ቀትር የምትጾሙ ከሆነ መጠኑንና ሰዓቱን እናስተካክል። የት ታድራላችሁ? ፍሪጅ ከሌለ እርጥብ አሸዋ ውስጥ በተቀመጠ ሸክላ ኢንሱሊኑን ማቀዝቀዝ ይቻላል። ቤተ ክርስቲያኗም ብትሆን በሩን አልዘጋችም፤ በ1999 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ በይፋ ተናግረዋል። ያን ጊዜ ይሄ ኢንተርን ገና ሕፃን ነው። ታዲያ ይህን ካልሰማ ከየት ይማረው? አንደኛ ዓመት አንትሮፖሎጂ ክፍል ካልሆነ?

እንግዲህ ኮርሱ ነበረ፤ ልጁም ወስዶታል። ያልነበረው ምንድን ነው?

አንደኛው ነገር ውጤቱ የሚሠራው ሥራ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ውጤት ለትምህርት ክፍል ድልድል ይቆጠራል። ሕክምና ለመግባት የሚሮጥ ልጅ ለሎጂክም ለሳይኮሎጂም የሚያስበው በነጥብ ነው። ሞጁሉን ከቴሌግራም ያወርዳል፣ የአምናውን ፈተና ይፈልጋል፣ ያጠናል፣ ያመጣል፣ ይረሳል። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ይህንኑ ነበር የማደርገው። አእምሮውን እንዲያሰፋ የታሰበውን ዓመት ወደ ሌላ ቦታ መውጫ መሰላል አድርገን ስናበቃ፣ ልጁ መሰላሉን ስለወጣ ልንወቅሰው አይገባም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጣው የመውጫ ፈተና ደግሞ የሚጠይቀው የትምህርት ክፍሉን ኮርሶች ነው፤ ስለዚህ አንደኛ ዓመት የተማረውን በመጨረሻም የሚጠይቀው የለም።

ሁለተኛው ለማን እንደሚሰጥ ነው። መምህራን ሆይ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ እነዚህን ኮርሶች ብዙ ጊዜ የሚያስተምረው በቅርቡ የተቀጠረው ልጅ ነው፤ ያውም በታጨቀ አዳራሽ። ፕሮፌሰሩ የሚገኘው ከማስተርስ ተማሪዎች ጋር ነው። በዋርድ እንዲህ አናደርግም፤ ከባዱን በሽተኛ ሲኒየሩ ነው የሚያየው። ለእኔ የ18 ዓመት ተማሪ ከባዱ ነው።

ሦስተኛው የት ነው የሚለው። ዛሬ እዚህ መናገሻ መሰብሰባችን ለዚህ ንግግር ጠቀመኝ። ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ፣ መንገዱ ካልዘጋ፣ አንድ ሰዓት ገደማ በሚወስድ ዙሪያ ምን እንዳለ ተመልከቱ። ሱባ ጫካ አለ፤ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት የሚባለው። ታሪክም፣ ጂኦግራፊም፣ ባዮሎጂም እዚያው አንድ ተራራ ላይ ነው። ቡራዩ ላይ አዲስ አበባ የምትጠጣው የገፈርሳ ውኃ አለ፤ የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያም እዚያው ገፈርሳ ነው። ሰበታ የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት አለ። እዚህ መናገሻ ፖሊዮ የመታቸውን ልጆች ሲያክም የኖረው ቸሻየር አለ። ተማሪያችን ግን ኢንክሉሲቭነስን የሚማረው በስላይድ ነው፤ ዓይነ ስውር ተማሪ ብሬል ሲያነብ አጠገቡ ሳይቀመጥ ይፈተናል።

ቋንቋውንም ጨምሩበት። ኮሚዩኒኬቲቭ እንግሊዝኛ አንድና ሁለት አለ፤ መልካም ነው። የቡራዩ እናት ግን የምትነግረኝ በእንግሊዝኛ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ በአማርኛም አይደለም። አንድ ቀን ኦሮምኛ የሚችል ሐኪም ጠፍቶ ዘበኛ ተጠራ። ሴትዮዋ አምስት ደቂቃ ሙሉ እጇን እያወናጨፈች ተናገረች፤ ዘበኛው «ሆዷን ነው» ብሎ ጨረሰው። ስቀናል፤ ግን አምስቱ ደቂቃ ውስጥ ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም። በራሳችን አማርኛም ቢሆን «ልቤን ያቃጥለኛል» ያለ ሁሉ የልብ ሕመምተኛ አይደለም፤ «ኩላሊቴን» ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ወገቡን ነው። ይህን ያልለመደ ጀማሪ ሐኪም ድሃውን ለምርመራ ብር ያስወጣዋል።

«ጊዜ የለም» የሚለውን መከራከሪያ አልንቀውም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነው፤ ሬሚዲያል የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በሬሚዲያል የገባ ልጅ፣ እሱን ጨርሶ፣ ፍሬሽማን ጨርሶ፣ ገና ሕክምና ሊጀምር ነው። ወላጅ «መቼ ነው የሚያልቀው?» ቢል ይፈረድበታል? አይፈረድበትም። ለዚህ ነው ተጨማሪ ኮርስ የማልጠይቀው። እንዲያውም ከዝርዝሩ ሁለት ሦስቱ ቢቀነሱ አላዝንም፤ የትኞቹ እንደሆኑ በሻይ ሰዓት እነግራችኋለሁ፤ አስተማሪዎቻቸው እዚህ ተቀምጠዋል።

የምጠይቀው ይህን ነው። አንትሮፖሎጂ፣ ሳይኮሎጂና ኢንክሉሲቭነስ ለድልድል በነጥብ ከሚቆጠሩት ወጥተው «አልፏል፣ አላለፈም» ይባሉ። እያንዳንዱ ትምህርት ክፍል በዓመት አንድ አንጋፋ መምህሩን ለአንደኛ ዓመት ይስጥ። ተማሪው በሴሚስተር ሦስት ቅዳሜ ወደነዚህ ከተሞች ወጥቶ፣ ከሰው ጋር ቁጭ ብሎ፣ የሰማውን ጽፎ ይምጣ። የድልድሉ ጉዳይ ከዩኒቨርሲቲው ሥልጣን በላይ ሊሆን ይችላል፤ ቅዳሜው ግን አይደለም።

የቀድሞ ተማሪዎች ደግሞ ብዙዎቻችን ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ ነው የምንኖረው ወይም የምንሠራው። በየምሳ ግብዣው ለግቢያችን ምን እናድርግ እያልን እንነጋገራለን፤ ባለፈው ያዋጣነው ለአጥር ነበር። ዘንድሮ ለአውቶቡስ ነዳጅ እናዋጣ። እኔ ቡራዩ ላይ ሃያ ተማሪ በየሦስት ሳምንቱ ተቀብዬ፣ ፈቃደኛ ከሆኑ ታካሚዎቼ ጋር አገናኛለሁ። ኦሮምኛ የሚያስተረጉም ሰው እፈልጋለሁ፤ የሚችል ካለ ከመድረኩ ስወርድ ይያዘኝ። መዝገቡ በር ላይ ካለችው እኅታችን ጋር ነው፤ ስማችሁንና የምትኖሩበትን ከተማ ጻፉ።