ከጽሕፈት መኪና እስከ ሴንትራል ፓርክ

ውድ ተመራቂዎች፤

ልጁን ፖለቲካል ሳይንስ ያስተማረ ወላጅ «ለመሆኑ ሥራው ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱን በአንዲት የሙያው ባለቤት በኩል ልስጥ። አሜሪካዊቷ ራንዳል ፎርስበርግ ትባላለች። ቀኖቹንና ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

በ1968 ስቶክሆልም ወደሚገኘው የሰላም ምርምር ተቋም ስትገባ የተቀጠረችው በታይፒስትነት ነበር። የሌሎችን ጥናት እየመታች ግን ታነብ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ራሷ ተመራማሪ ሆነች። እንደ እሷ የኒውክሌር ድርድር ታሪክ ያነበበ ሰው የሚያስቆጨው ነገር አያጣም። በ1963 ሁሉንም የኒውክሌር ሙከራ የሚያግድ ውል እጅ ሊገባ ተቃርቦ ነበር። አሜሪካ በዓመት ሰባት የቦታ ላይ ፍተሻ ስትጠይቅ ሶቪየት ኅብረት ከሦስት አላልፍም አለች፤ በዚህ ሳይስማሙ ቀሩ። የተፈረመው ከፊል እገዳ ብቻ ነው፤ ከመሬት በታች የሚደረገው ሙከራ ለብዙ ዓመታት ቀጠለ።

ፎርስበርግ ወደ አገሯ ተመልሳ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በፖለቲካል ሳይንስ የዶክትሬት ትምህርቷን ተከታተለች። በ1980 ያወጣችው ጥሪ አጭር ነበር፤ ሁለቱ ኃያላን የኒውክሌር መሣሪያ መሞከር፣ ማምረትና ማሰማራት በአንድነት ያቁሙ፣ ማቆማቸውም ይረጋገጥ። «ፍቱ» አላለችም፤ «መጀመሪያ ቁሙ» ነው ያለችው። ባለሙያ ነን የሚሉ ብዙዎች ሐሳቡን የዋህነት አድርገው አዩት። እኔ ግን ከእነሱ ይልቅ እሷ ጠልቃ እንዳሰበች አምናለሁ። በዚያ ዘመን የነበሩት ውሎች ለሚሳኤሎች ቁጥር ጣሪያ ያበጁ ነበር እንጂ፣ ከጣሪያው በታች አዲስና የረቀቀ መሣሪያ መሥራቱ አልቆመም። ለቁጥጥርም ቢሆን ሙሉ ማቆም ይሻላል። «ይህን ያህል ተፈቅዷል» ከተባለ ቆጠራውና ክርክሩ ማለቂያ የለውም፤ ሁሉም ከቆመ ግን አንዲት ሙከራ እንኳ ውሉ መጣሱን ታሳብቃለች።

ጥሪውን በጥናት መጽሔት ውስጥ አልቀበረችውም። ቤተ ክርስቲያኖች፣ የሠራተኛ ማኅበራትና የመንደር ስብሰባዎች ተቀበሉት። ሰኔ 12 ቀን 1982 ኒው ዮርክ፣ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ አንድ ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ ለዚሁ ጉዳይ ሰልፍ ወጣ። በ1983 የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት ሐሳቡን በ278 ለ149 ድምፅ ደገፈው፤ የፕሬዚዳንት ሬጋን መንግሥት ተቃወመ፣ ሴኔቱም አላጸደቀውም።

ታዲያ ተሸነፈች? ጥሪዋ ቃል በቃል ውል ሆኖ አያውቅም። በ1987 የመካከለኛ ርቀት ሚሳኤሎችን የሚያስወግድ ስምምነት ሲፈረም የሶቪየቱ መሪ የጎርባቾቭ ድርሻ ትልቅ ነበር፤ ያንን ለእሷ አልሰጥም። ሆኖም መሪዎች ስለ ቦምብ ሲያስቡ መራጩንም እንዲያስቡ ያስገደደው ያ ንቅናቄ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ 70,000 ገደማ የነበረው የዓለም የኒውክሌር አረር ዛሬ ወደ 12,000 ወርዷል። የ1987ቱ ስምምነት ግን በ2019 ፈርሷል።

ጉዳዩ የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኅዳር 24 ቀን 1961 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባዔ በኒውክሌር መሣሪያ መጠቀም የድርጅቱን ቻርተር እንደሚጥስ ያወጀው፣ ኢትዮጵያ ከሌሎች አገሮች ጋር ሆና ባቀረበችው ሐሳብ ነው። 55 ደገፉ፣ 20 ተቃወሙ፣ 26 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። በማግሥቱ ዓመት ጄኔቭ ውስጥ ሥራ በጀመረው የ18 አገሮች የትጥቅ መፍታት ኮሚቴ ውስጥም ኢትዮጵያ ነበረችበት።

ስለዚህ፣ ልጆቼ፣ ነገ ከእናንተ አንዳንዶቻችሁ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ወይም አፍሪካ ኅብረት ትገባላችሁ። ያንን የ1961 ውሳኔ፣ ቁጥር 1653ን፣ ፈልጋችሁ አንብቡት። የመመረቂያ ጽሑፋችሁንም በሁለት ገጽ አሳጥራችሁ፣ ዛሬ እዚህ ለተቀመጡት ወላጆቻችሁ በሚገባቸው ቋንቋ ንገሯቸው፤ ጥያቄም ካላቸው መልሱላቸው።