በጀልባ ወደ ኮሎምቢያ የበረዶ ግግር



የዛሬው ንግግሬ መነሻ አንድ ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም የራሴ ነው። በአላስካ ደቡባዊ ጠረፍ ስለሚገኘው የኮሎምቢያ የበረዶ ግግር ሳስተምር፣ የቀድሞውንና የአሁኑን ፎቶግራፍ ጎን ለጎን አሳይቼ «ይህን ያደረገው የአየር ሙቀት መጨመር ነው» በማለት ለብዙ ዓመታት አልፌዋለሁ። ይህንኑ ጽፋችሁ ሙሉ ነጥብ ያገኛችሁም በመካከላችሁ አላችሁ።

ባለፈው ሐምሌ፣ እኛ ዘንድ ክረምት እነርሱ ዘንድ በጋ ሲሆን፣ ከቫልዴዝ ወደብ በትንሽ የሞተር ጀልባ ተነሣን። የነዳጅ ጋኖቹን አልፈን፣ በጠባቡ መተላለፊያ ወደ ፕሪንስ ዊልያም ሳውንድ ወጣን። የግግሩ ግንባር ገና ሳይታይ ተንሳፋፊው በረዶ ተቀበለን። ቋንቋችን ከሰማይ የሚወርደውንም፣ ቤት አክሎ በባሕር ላይ የሚንሳፈፈውንም «በረዶ» ይለዋል፤ ያን ቀን ቃል አጠረኝ። ስብርባሪው ከጀልባዋ ጎን ሲቀልጥ ምጣድ ላይ እንዳለ ፈንዲሻ ይንጣጣል፤ በውስጡ ታምቆ የኖረው አየር እያመለጠ ነው።

ካፒቴኑ ሞተሩን አብርዶ ወደ ጥልቀት መለኪያው ጠቆመኝ። ቁጥሩ በፍጥነት ያንስ ነበር። ከበታቻችን ያለው ግግሩ ራሱ እየገፋ የከመረው የድንጋይና የደለል ክምር፣ ሞሬን የምንለው ነው። የቫንኩቨር መርከበኞች አካባቢውን ከቃኙበት እ.ኤ.አ. ከ1794 አንሥቶ እስከ 1980 ገደማ ድረስ ግንባሩ ከዚህ ክምር ብዙም አልራቀም፤ ክምሩ ባላ ሆኖ ደግፎታል። ግግሩ ሳስቶ ከክምሩ ሲለቅ ግን ጥልቅ ውኃ ውስጥ ገባ፤ በጥልቅ ውኃ የቆመ ግንባር ደግሞ ቶሎ ቶሎ እየተገመሰ ይወድቃል። እንዲህ እያለ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ሸሸ። የአየር መሞቅ መሳሳቱን ሊያስጀምር ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የሽሽቱን ፍጥነት በብርቱ የሚገዛው የባሕሩ ወለል ቅርጽ ነው። በዚያው ባሕር፣ በዚያው አየር ሥር ያለው የሃርቫርድ ግግር በ20ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ፊት ሲገፋ ነበር።

ከዚያ የተገመሰው በረዶ ወደ መርከቦች መንገድ ይወጣል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 24 ቀን 1989 ኤክሰን ቫልዴዝ የተባለችው ነዳጅ ጫኝ መርከብ በረዶውን ለመሸሽ ከመስመሯ ወጥታ ነበር፤ ወደ መስመሯ ሳትመለስ ከብላይ የባሕር ዐለት ጋር ተላተመች። 40 ሚሊዮን ሊትር ያህል ድፍድፍ ነዳጅ ፈሰሰ። ጥፋቱ የሰዎች ነው፤ በረዶውን ግን ከታሪኩ ማውጣት አይቻልም።

ከዓመታት በፊት አንዲት ተማሪ በፈተና ወረቀቷ ጠርዝ ላይ «ጎረቤቶቹስ ለምን አልሸሹም?» ብላ ጽፋ ነበር። እኔም በቀይ ብዕር «ከርእሱ ወጥተሻል» ብዬ ሁለት ነጥብ ቀነስሁባት። በጀልባዋ ላይ ሳለሁ ያሰብሁት እርሷን ነው።

ሁለቱን ፎቶግራፎች አላስወገድኋቸውም። በመካከላቸው የባሕሩን ወለል ካርታ አስገብቻለሁ፤ እስቲ እርሱን እንመልከት።