ስለ ዕረፍት ቀን ጨዋታና ከቤተ ሰብ ጋራ ስለ መውጣት

ለመንደር ተማሪ ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተዘጋጀ ንግግር



ሥራ የማይወድ ሰው የዕረፍትን ጣዕም እንደማያውቅ ሁሉ፣ ዕረፍት የሌለውም ሰው ሥራውን በደስታ ሊሠራ አይችልም። የገበሬው በሬ እንኳ ቀንበር ከጫንቃው የሚወርድበት ሰዓት አለው። ነገር ግን ዕረፍት ማለት መተኛት ብቻ የሚመስላቸው፣ ጨዋታንም የልጅ ነገር ነው ብለው የሚንቁ ሰዎች አሉ። ደግሞ ጨዋታን እጅግ ወደው ደስታውን ለብቻቸው የሚወስዱ፣ ሚስትና ልጆችን በቤት ትተው የሚሄዱ አሉ። የዛሬው ንግግር ይልቁንም እነዚህን ሁለተኞቹን የሚመለከት ነው። የፊተኞቹ ጨዋታውን አንድ ቀን በዓይናቸው ሲያዩ ይመለሳሉና ብዙ ቃል አያሻቸውም።

በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ 18 ማዞሪያ በሚባለው ሰፈር የሚኖር አንድ የልጆች አባት እንዳለ ይታሰብ። ይህ ሰው ስድስት ቀን ሲደክም ይሰነብታል። እሑድ ከቀትር በኋላ የአውሮጳ ቡድኖች ጨዋታ በቴሌቪዥን ወደሚታይበት ቤት ይሄዳል፤ የመግቢያውን ይከፍላል፤ ከሰው ጋራ ተጨናንቆ ይቀመጣል፤ የሚወደው ቡድን ሲያሸንፍ ይጮኻል፣ ሲሸነፍም ፊቱ ይጠቁራል። ወደ ቤቱ ሲመለስ ልጆቹ ተኝተዋል፤ እራቱም ቀዝቅዟል። ይህ ሰው ክፉ ሰው አይደለም። ከወዳጆቹ ጋራ መሳቁና መከራከሩም ነውር የለበትም። ዳሩ ግን በሎንዶንና በማድሪድ የሚጫወቱትን ሰዎች ስም አንድ ባንድ የሚቈጥር ሆኖ ሳለ፣ የገዛ ልጁ በሰፈሩ ሜዳ በረኛ ይሁን ወይም አጥቂ አያውቅም። ልጁም አባቱ እንደማያውቅ ያውቃል፤ ከዚህ ነገር የሚከፋው ይህ ነው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በጨዋታ ውጤት ገንዘብ የሚያዝበት የውርርድ ቤት በከተማው በዝቶ ነበርና፣ ስንቱ ወጣት የቀለብ ገንዘቡን ለግምት ሰጥቶ ባዶ እጁን ተመልሷል። ገንዘብ የገባበት ጨዋታ ጨዋታነቱ ወዲያው ይጠፋል፤ ተመልካቹ የሚያየው ኳሱን መሆኑ ቀርቶ ኪሱን ነውና።

ይኸው ኮልፌ ግን ለሥጋ ብርታትና ለእግር ጕዞ የታወቀ ስም ያለው ስፍራ ነው። በ1954 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የደቡብ አፍሪቃው ኔልሰን ማንዴላ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በኮልፌ በነበረው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር የወታደር ትምህርት ተምሯል። ትምህርቱ ለስድስት ወር የታሰበ ሲሆን፣ ከሁለት ወር ያህል በኋላ ባልንጀሮቹ ወደ አገሩ እንዲመለስ ስለ ጠሩት ተቋረጠ። ስለ ሕይወቱ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ከትምህርቱ ሁሉ ይበልጥ ደስ ያሰኘው ጠመንጃና ውሃ ብቻ ይዞ በተወሰነ ሰዓት የሚፈጸመው ረጅም የእግር ጕዞ እንደ ነበረ፣ የአገሩንም ውበት፣ ጫካውንና ደጋውን፣ ያየው በዚያ ጕዞ እንደ ሆነ ተናግሯል። እንግዲህ ባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ በእግሩ ሄዶ ያደነቀውን አገር፣ በዚያው ሰፈር ተወልዶ ያደገ ልጅ ከአባቱ ጋራ አንድ ቀን እንኳ ወጥቶ ሳያየው ቢቀር የሚያሳዝን ነው። ከኮልፌ በስተሰሜን የእንጦጦ ተራራ አለ፤ በዚያም በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ተከፍቷል። ቈሎና ውሃ ይዞ፣ ትንሹን ልጅ በትከሻ አድርጎ ወደ ተራራ መውጣት ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ደስታ ነው።

በዚሁ በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሌላም ትልቅ ነገር አየች። ሦስተኛው የአፍሪቃ ዋንጫ ውድድር በአዲስ አበባ እስታዲዮም ተደረገ። የመጣው አራት ቡድን ብቻ ነበር፤ ይኸውም ኢትዮጵያ፣ ግብጽ፣ ቱኒዝያና ዩጋንዳ ናቸው። የኢትዮጵያ ቡድን ቱኒዝያን 4 ለ 2 ካሸነፈ በኋላ፣ ጥር 13 ቀን፣ ማለት በጥምቀት ሣልስት፣ ከግብጽ ጋራ ለዋንጫው ተገናኘ። ግብጾች ሁለት ጊዜ ቀደሙ። መጀመሪያ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ፤ ግብጾች ግን በማግስቱ ደቂቃ እንደ ገና ስላገቡ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር ሉቻኖ ቫሳሎ አስተካከለ። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አንዳንድ ግብ አግብተው 4 ለ 2 አለቀ። ዋንጫውንም የቡድኑ አለቃ ሉቻኖ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። ቡድኑን የመራው ይድነቃቸው ተሰማ ሲሆን፣ እርሱም በኋላ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ የአፍሪቃ የእግር ኳስ ማኅበር ፕሬዚዳንት ነበረ። ከዚህ ታሪክ ውስጥ ለቤተ ሰብ ነገር የሚጠቅመው ይህ ነው፤ ከአራቱ ግብ ሁለቱን ያገቡ ከአንድ እናት የተወለዱ የአሥመራ ልጆች ነበሩ። ወንድማማች በአንድ ሜዳ ላይ ኳስ ሲቀባበሉ ማየት፣ ስለ ወንድማማች ፍቅር ከሚሰጥ ብዙ ተግሣጽ ይልቅ ለልጅ ይገባዋል።

የእግር ኳስ በአዲስ አበባ ከዚያ ቀድሞ ሥር የሰደደ ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን በ1928 ዓ.ም. በአራዳ ወጣቶች ተቋቋመ፤ ከመሥራቾቹም አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ይጠራሉ። ፋሺስቶች ከተማይቱን በያዙበት ዘመን ስሙን በግድ ለውጠውት ነበር፤ ቡድኑ ግን አልጠፋም። ከነጻነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የአርመኖች፣ የግሪኮችና የኢጣልያኖች ቡድኖች እንዲሁም የእንግሊዝ ወታደሮች ተወዳደሩ፤ ዋንጫውንም እንግሊዞቹ ወሰዱ። ዛሬ ቅዱስ ጊዮርጊስና ኢትዮጵያ ቡና ሲገናኙ ከተማው በሁለት ይከፈላል፤ በአንድ ቤት ውስጥ አባት ለአንዱ፣ ልጅ ለሌላው የሚሆንበት ጊዜ አለ። ይህ እንደ ጠብ ሊቈጠር አይገባም። ልጅ አባቱን ሳይፈራ፣ ሳይደፍርም የሚከራከርበት ነገር በቤታችን ጥቂት ነውና፣ ኳስ ይህን ከሰጠ መልካም ነው።

ደግሞ ሽማግሎች እንዲህ ይሉ ይሆናል፤ «ይህ ሁሉ የፈረንጅ ጨዋታ ነው፤ የእኛስ የት ሄደ?» ነገሩ እውነት አለበት። የገና ጨዋታ የአገራችን ነው። ጫፉ የቈለመመ በትር ይያዛል፤ ከእንጨት ተጠርቦ ወይም ከጠፍር ተድበልብሎ የተሠራ እሩር ይወረወራል፤ ሰዉ በሁለት ወገን ተከፍሎ እሩሩን ወደ ባላጋራው ዳርቻ ለማድረስ ይታገላል። የተጫዋቹ ቍጥር እንደ እግር ኳስ በ11 የተወሰነ አልነበረም፤ መንደር ከመንደር ሲገጥም የመጣው ሁሉ ይገባ ነበር። በዚያ ቀን ጌታ በአሽከሩ እንዳይቈጣ ልማዱ ያዝዛል፤ ድኻውም ባለጸጋውን በበትር ቢነካው ነውር አይሆንም። ዓመቱን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ የሚኖር ሰው አንድ ቀን እኩል ሆኖ የሚሮጥበት ሜዳ ማግኘቱ ትልቅ ጥበብ ነበረ። ነገር ግን በብዙ ስፍራ ጨዋታው በአዛውንት ትዝታ ብቻ ቀርቷል። ሽማግሎች እያዘኑ ከሚቀመጡ ለተማሪዎች ደንቡን ቢያስተምሩ ይሻላል፤ አስተማሪውም ለማያውቀው ነገር ሽማግሌውን እንደ መምህር አድርጎ ወደ ተማሪ ቤት ቢጠራው አያሳፍረውም።

ጨዋታ ሜዳ ይፈልጋል፤ ሜዳ ደግሞ ጠባቂ ይፈልጋል። የጃን ሜዳን ነገር ማሰብ ይበቃል። ጥምቀት የሚከበርበት፣ ገናና ጕግስ ሲታይበት የኖረ፣ ፈረስና ሰው የሮጠበት ያ ሰፊ ሜዳ፣ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የአትክልት ተራ ገበያ ወደ እርሱ ተዛወረ። ምክንያቱ በጎ ነበረ፤ ሰው እንዳይጨናነቅ ነው። ነገር ግን ገበያው ወራት ተቀምጦ፣ በ2013 ዓ.ም. የጥምቀት በዓል ሲደርስ ሜዳው እንዲለቀቅና እንዲጸዳ ብዙ ድካም አስፈለገ። ጃን ሜዳ ስም ስላለው ተመለሰ፤ ስም የሌለው የሰፈር ሜዳ ግን አንድ ጊዜ ከታጠረ ማን ይጠይቅለታል? በከተማ ልጆች መኪና በሚያልፍበት መንገድ ላይ ድንጋይ አቁመው ሲጫወቱ የሚታየው ስለዚህ ነው። በገጠር ያለው አስተማሪ ዛሬ ሰፊ መስክ በማየቱ አይዘናጋ። የመንደሩ ሽማግሎች በተሰበሰቡበት፣ የልጆቹ መጫወቻ ከወዴት እስከ ወዴት እንደ ሆነ ወሰኑ በቃልም በጽሕፈትም ቢጸና፣ በኋላ የሚመጣውን ክርክር ያስቀራል።

እንግዲህ አንድ የመንደር ተማሪ ቤት የጨዋታ ቀን ለማድረግ ምን ያሻዋል? ገንዘብ እጅግ ጥቂት ነው። ሕጉ የሚያዝዘው የእግር ኳስ ሜዳ ርዝመቱ ከ90 እስከ 120 ሜትር፣ ወርዱም ከ45 እስከ 90 ሜትር ነው፤ ለትንንሽ ልጆች ግን የዚህ እኩሌታ ይበቃል። የተገዛ ኳስ ከሌለ ከጨርቅ የተጠቀለለ ኳስ ይሆናል፤ ስመ ጥር ከሆኑት የአገራችን ተጫዋቾች ብዙዎቹ በዚያ ጀምረዋል። ቀኑ አጨዳና ውቂያ በማይበዛበት፣ ጭቃም በሌለበት ወራት ይመረጥ። ክርስቲያኑም እስላሙም እንዲመጣ በማናቸውም ወገን የጸሎት ሰዓት ላይ አይዋል። በአዲስ አበባ እስታዲዮም የኢድ ሶላት ሲሰገድበት እንደ ኖረ ሁሉ፣ ሜዳ የሁሉ ነው። ዳኛው ከሁለቱም መንደር ያልሆነ ሰው ቢሆን ጠብ ይቀንሳል። ለጨዋታው ቀን ውሃና ዳቦ እንጂ ጠጅና አረቄ ወደ ሜዳው አይምጣ፤ በሜዳ ላይ የሚነሣው ድብድብ አብዛኛውን ጊዜ ከኳሱ ሳይሆን ከብርሌው ነውና።

የተጐዳ ልጅ ቢኖር ቍስሉ በንጹሕ ውሃና ሳሙና ይታጠብ። እግሩ ቢወለም ከጨዋታው ወጥቶ ይቀመጥ፤ በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ጨርቅም ይደረግበት። አጥንት የተሰበረ ከመሰለ ግን ማንም እንዳይጐትተውና እንዳያሸው፣ በእንጨት ተደግፎ ሳይነቃነቅ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ስለ ሴቶች ልጆች ነገር ጠንከር ያለ ቃል ያስፈልጋል። በብዙ መንደር ወንዱ ሲጫወት እኅቱ ውሃ ትቀዳለች፤ ከዚያም ተቀምጣ ታያለች፤ ጊዜ ካገኘችም ነው። በአርሲ በበቆጂ ከተማ አቶ ስንታየሁ እሸቱ የሚባሉ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ቤት አስተማሪ ነበሩ። ልጆችን ወንድ ሴት ሳይሉ ያሮጡ ነበር። ካሮጡአቸውም መካከል ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ይገኛሉ። ደራርቱ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና የ10,000 ሜትሩን ሩጫ አሸንፋ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያይቱ ጥቁር አፍሪቃዊት ሴት ሆነች። ይህን ሁሉ ያስገኘው ታላቅ ሕንጻ አልነበረም፤ መንገዱ የአቧራ፣ አስተማሪው የመንደር አስተማሪ፣ አገሩም ከዛሬው ሰሚ መንደር ያልተለየ ነበረ። ወላጆች «ልጄ ሮጣ ምን ታመጣለች?» ሲሉ አስተማሪው ይህን ይንገራቸው። ባትሮጥም እንኳ ልትጫወት ይገባታል፤ ወርቅ ማምጣት የጨዋታ ዋጋ አይደለምና።

ወደ ኮልፌው አባት እንመለስ። በ2008 ዓ.ም. የተከፈተው የከተማ ባቡር የምዕራቡ ጫፍ ጦር ኃይሎች ነው፤ ከ18 ማዞሪያም እዚያ ድረስ በታክሲ ይደረሳል። በባቡሩ ሜክሲኮን አልፎ በእስታዲዮምና በመስቀል አደባባይ አጠገብ መውረድ ይቻላል። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በኅዳር ወር የሚደረገው የ10 ኪሎ ሜትር ታላቁ ሩጫ በመጀመሪያው ዓመት 10,000 ሰው ሲሮጥበት፣ ከዚያ ወዲህ ቍጥሩ በብዙ እጥፍ አድጓል። በዚያ ቀን አባትና ልጅ፣ ሠራተኛና አለቃ፣ አንድ ዓይነት ሹራብ ለብሰው ይሮጣሉ። አብዛኛው የሚመጣው ለማሸነፍ አይደለም፤ ሮጦ የደከመው ይራመዳል፣ የተራመደው ይዘፍናል። ያ አባት ዓመቱን ሙሉ የቴሌቪዥኑን ቤት ይተው አይባልም፤ እንዲህ ያለውም ምክር ከተሰጠ የሚሰማው የለም። በወር ከአራቱ እሑድ አንዱን ለልጆቹ ቢሰጥ፣ ማለዳ በሰፈሩ ሜዳ ቆሞ ልጁ ሲጫወት ቢያይ፣ ልጁ ሲስት ሳይሰድብ፣ ሲያገባም ሳይኵራራ ቢመለከት ይበቃል። እናትም ያን ቀን ምግብ ስታበስል እንዳትቀር ከዋዜማው ቂጣና ቈሎ ይዘጋጅ፤ ለሌላው ዕረፍት የሆነው ቀን ለእርስዋ ሁለተኛ ሥራ ከሆነ ቤተ ሰቡ ሁሉ ወጥቷል አይባልም።

አስተማሪው የጨዋታው ቀን ባለፈ በማግስቱ ሰኞ፣ ተማሪዎች ያዩትን በአንድ ገጽ እንዲጽፉ ቢያዝዝ መልካም ነው። ማን እንዳሸነፈ ብቻ ሳይሆን፣ ከማን ጋራ እንደ መጡና ምን እንደ ተነጋገሩ ይጻፉ። ሽማግሌው የነገሩት የገና ደንብም በአንድ ደብተር ተጽፎ፣ የተናጋሪው ስምና የመንደሩ ስም ተጨምሮበት፣ በተማሪ ቤቱ ሣጥን ይቀመጥ። በሚመጣው ታኅሣሥ 29 ቀን ያ ደብተር ወጥቶ ይነበባል፤ በትሩም ይቈረጣል።