ምክንያቱን የሚናገር መሣሪያ



በእንጦጦ ማርያም ደጅ ቆሞ ስለ ፈውስ የሚናገር ሰው፣ ሥር ምሶ ስሙን ሳይገልጽ የሚሰጠው የባህል ሐኪም ትዝ ሳይለው አይቀርም። ታማሚው ቢድን እንኳ ዕውቀቱ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። ሰው ሠራሽ አስተውሎትም “ይህ ውህድ ይፈውሳል” ብሎ ዝም ካለ ከዚህ አይሻልም።

ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ፣ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ቢልሃርዝያ በቀንድ አውጣ የሚተላለፍ በመሆኑ ምክንያቱን መረመሩ፤ ኬሚስቶችም ገዳዩን ሳፖኒን ኋላ ለይተው በስማቸው ለማቶክሲን አሉት።

እ.ኤ.አ. በ2023 በታተመ ጥናት፣ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች በ39,312 ውህዶች ውጤት ያሠለጠኑት መሣሪያ ከ12 ሚሊዮን በላይ ሌሎችን አጣራ። ቁም ነገሩ ግን ለፍርዱ መነሻ የሆነውን የሞለኪውል ክፍል እንዲያሳይ መደረጉ ነው። 283ቱን በቤተ ሙከራ ፈትነው፣ መድኃኒት የተላመደውን ስታፊሎኮከስ በአይጦች ላይ የሚቀንስ አዲስ የውህዶች ወገን አገኙ።

ይህም ምክንያት፣ እንደ አድዋው ቀንድ አውጣ፣ ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይደለም። መሣሪያው የሚማረውም ከተለካው ብቻ ነውና፣ ከዚህ ተራራ ዕፀዋት ያልለካንለትን ሊነግረን አይችልም። ማኅበራችን በዚህ ልኬት ላይ እንዲበረታ እጠይቃለሁ።