ሁለቱ ካርዶች፦ የግል ሕክምናና የዘመኑ የክፍያ መንገድ

(በሙያ ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)

በአገራችን ሕክምና ቤት «ካርድ» ሲባል አስቀድሞ የሚታወሰን የባንክ ካርድ አይደለም። ሕመምተኛው ከሁሉ በፊት «ካርድ ያወጣል»፤ ስሙ፣ ዕድሜውና ሕመሙ በዚያ ላይ ይሰፍራል፤ እርሱም በካርድ ክፍል ይጠበቃል። አሁን ሁለተኛ ካርድ መጥቷል፤ ይኸውም የመክፈያው ካርድና ተከታዩ የሆነው የእጅ ስልክ ነው። ዛሬ ላሳስባችሁ የምሻው ዐቢይ ነገር፣ ሁለተኛው ካርድ የመጀመሪያውን ምሥጢር እንዳያወጣ መጠበቅ የእኛው ግዴታ መሆኑን ነው።

ሐረር ለገንዘብ እንግዳ ከተማ አይደለችም። አሚሮቿ ማሐለቅ የተባለ የራሳቸውን ሳንቲም ያስመቱ ነበር። ማርትሬዛ ብርም በገበያዎቿ ሲመነዘር ኖሯል። በ1898 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተመረቀው የአቢሲንያ ባንክም በሐረር ቅርንጫፍ ነበረው። ዛሬ በጀጎል ግንብ ውስጥ፣ ስሙ በሐረሪ ቋንቋ «ትልቁ ገበያ» በሆነው በጊደር መጋላ፣ ከፊሉ ሰው ብሩን ቈጥሮ፣ ከፊሉም ስልኩን ነክቶ ይከፍላል። ከገበያው ወጥቶ ወደ እኛ ሲመጣም እንዲሁ ነው።

በአገራችን የብሔራዊ ክፍያ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 718/2003 ከወጣ በኋላ፣ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ኤምፔሳም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሥራ ጀምረዋል። ከዚህም የተነሣ አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚሠራ ሐኪም እንኳ ያለ ፖስ ማሽን ክፍያ መቀበል ችሏል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ከሩቅ ያለ ልጅ የእናቱን የሕክምና ዋጋ በደቂቃ ውስጥ ይልካል፤ በሽተኛም ገንዘብ ይዞ በመንገድ አይሠጋም።

ይሁን እንጂ አሠራሩን ሳያውቁ መቀበል ጉዳት አለው። ሕመምተኛው ካርዱን በፖስ ማሽን አስገብቶ የምሥጢር ቁጥሩን ሲነካ፣ ጥያቄው ማሽኑን ወደ ሰጠን ባንክ ይሄዳል፤ ካርዱ የሌላ ባንክ ከሆነም ባንኮችን እርስ በርስ በሚያገናኘው በኢትስዊች በኩል ወደዚያ ባንክ ያልፋል፤ ፈቃዱም በመጣበት መንገድ ይመለሳል። ፈቃድ ተገኘ ማለት ግን ገንዘቡ ሒሳባችን ገባ ማለት አይደለም፤ ማወራረዱ ሌላ ተግባር ነው። ኔትወርክ በመካከል ሲቋረጥ ከሰውየው ሒሳብ ተቀንሶ ለእኛ ሳይደርስ የሚዘገይበት ጊዜ አለ። እንዲህ ሲሆን «እንደገና ይክፈሉ» ከማለት በፊት ባንኩን መጠየቅ ይገባል። በስልክ ሲከፈልም፣ ሐሰተኛ የክፍያ መልእክት የሚያሳዩ ስላሉ፣ መታመን ያለበት የከፋዩ ስልክ ሳይሆን የራሳችን ሒሳብ መግለጫ ነው።

ይህ ሁሉ የገንዘብ ጉዳት ነው፤ የገንዘብ ጉዳት ይካሳል። የማይካሰውን ግን ከራሴ ጥፋት ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እኅት ለምርመራ ወደ እኔ መጣች። ስልክ ስላልያዘች ክፍያውን ወንድሟ ከሱቁ ሆኖ ላከላት። ገንዘብ ተቀባያችን ሒሳቡን በቀላሉ ለማመሳከር ብላ፣ «ምክንያት» በሚለው ቦታ ላይ የምርመራውን ስም እንዲጽፍ በስልክ ነገረችው። እርሱም ጻፈ። ሴትዮዋ ለማንም ልትናገር ያልፈለገችው ነገር በአንድ መስመር ለቤተ ሰቧ ሁሉ ተገለጠ። ገንዘብ ተቀባያችን ክፉ አላሰበችም፤ ያላስተማርኳት እኔ ነኝ። የሴትዮዋ ካርድ እስከ ዛሬ በመደርደሪያችን ላይ አለ፤ እርሷ ግን አልተመለሰችም። ሕመሟን ወዴት ይዛው እንደሄደች አላውቅም።

ስለሆነም በክሊኒካችን ሦስት ነገሮችን ደንብ አድርገናል። አንደኛ፣ በክፍያ መልእክት ላይ የሚጻፈው የደረሰኝ ቁጥር ብቻ ነው፤ የሕመምና የምርመራ ስም አይጻፍም። ሁለተኛ፣ ገንዘብ ተቀባይዋም እንደ ነርሷ ሁሉ ምሥጢር ለመጠበቅ ቃል ትገባለች። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የሕሊና ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሕግም ነው። ሦስተኛ፣ በጥሬ ገንዘብ መክፈል የሚሻ ሰው በሩ አይዘጋበትም። ኔትወርክ ጠፋ ተብሎም ድንገተኛ ሕመምተኛ አይጠብቅም፤ አስቀድሞ ይታከማል፣ ሒሳቡ በኋላ ይታያል።

ክቡራትና ክቡራን፣ ያገራችን ሰው «ከአፍ የወጣ አፋፍ» ይላል። ከስልክ የወጣውማ ከአፋፉም ይርቃል። አዲሱን የክፍያ መንገድ እንቀበለው፤ ስንቀበለው ግን የክፍያ መዝገብ ሁሉ የሕመምተኛ መዝገብ መሆኑን እያሰብን ይሁን። የካርድ ክፍላችንን በር እንደምንቆልፍ ሁሉ፣ የዚህኛውንም ካርድ በር እንቆልፍ።